ይድረስ ለኢያጎዬ

ፓርማ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬና እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። «ከናፍቆትሽ በስተቀር ምንም አልሆንኩም» ብዬ እንደ ዱሮው ደብዳቤ ልቀጥል ፈልጌ ነበር፤ ግን አራት ዓመት ዝም ካለች ሰው አፍ ይህ አያምርም። ስልክሽን ያላነሣሁት፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ የላክሽልኝን መልእክት አንብቤ እንዳላነበበ ሰው የሆንኩት በሥራ ብዛት አይደለም። ምክንያት ነበረኝ። እነግርሻለሁ፤ ብቻ ወደዚያ የምደርሰው ዞሬ ዞሬ ስለሆነ ታገሺኝ።

ኢያጎዬ ያልኩሽም ነገር ፈልጌ አይደለም። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የቴአትር ክበባችን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው «ኦቴሎ» አንዱን ትዕይንት ለወላጆች ቀን ሲያሳይ፣ አንቺ በዚያ ወፍራም ድምፅሽ ኢያጎን፣ ያን በአንድ መሐረብ ኦቴሎን በሚስቱ ላይ አስጠርጥሮ በቅናት የሚያሳብደውን ተንኮለኛ፣ እኔ በከሰል ጢም ተስሎልኝ ኦቴሎን መሆናችን ትዝ ይልሻል? ጢሜ በላብ ቀልጦ አንገቴ ድረስ ሲወርድና አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ፣ አንቺ ብቻ ፊትሽን ሳትፈቺ ቀጠልሽ። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንኳ «ኢያጎ መጣች፣ ስኒ ጨምሩ» ትል ነበር።

ሰሞኑን ከዚህ ስም ጋር ሦስት ቀን ከረምኩ።

የምንከባከባቸውን ሴትዮ ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲኞራ እያልኩ አወራልሽ የነበሩትን። ዘንድሮ 88 ዓመት ሆናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር የፓርማው ቴአትሮ ሬጂዮ ጣሪያ ሥር ያለው ርካሽ ሰገነት ላይ ወጥተው ኦፔራ ይሰሙ ነበር። ያ ሰገነት በመላው ኢጣሊያ የሚፈራ ነው። ዘፋኙ ከሳተ በፉጨት ያዋርዱታል፤ ስሙ የገነነም ቢሆን አይምሩትም። እኔም ኦፔራን የለመድኩት በሳቸው የእሑድ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት የተጣላ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳህን ሳጥብ ሳላውቀው አንጎራጉራለሁ፤ ስሳሳት ከሳሎን ያፏጩብኛል።

እንግዲህ እሳቸው የሚወዱት አንድ ስብሰባ አለ። ኦፔራ ወዳዶች በዓመት አንዴ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ቀትር ገጠር ውስጥ ተከተው አንድ ርእስ ያጠናሉ። እኛ ብንሆን ሱባዔ እንለው ነበር፤ ጾሙ ቀርቶ ወይኑ የበዛበት ሱባዔ። የዘንድሮው ርእስ የኦፔራ ክፉዎች ነበር። «ሱባዔ ተገብቶ ስለ ሰይጣን ይጠናል?» ብላቸው፣ ሲኞራ «ስለ መልአክማ ማን ሦስት ቀን ያወራል!» አሉኝ። መድኃኒታቸውን ልሰጥና ደረጃ ላስወጣ ተከትዬ ሄድኩ።

ቦታው ቡሴቶ አጠገብ ነው፤ ቨርዲ በ1813 የተወለደባት ሮንኮሌ የምትባል መንደር እዚያው ናት። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) አገሩ ገበታ የመሰለ ሜዳ ነው፤ በዚህ ወቅት ጉም ይተኛበታል፣ ከፊትሽ ያለውን ዛፍ እንኳ አታዪውም። ያረፍንበት የቀድሞ የገበሬ ቤት ሲሆን፣ በረቱን አዳራሽ አድርገው ፒያኖ አስገብተውበታል። 17 ሰዎች ነበርን። እኔ ደግሞ የነቢያትን ጾም ከያዝኩ ሳምንት አልሞላኝም። ኩላቴሎ የሚሉትን የአገሩን ኩራት አቀረቡልኝ፤ የአሳማ ሥጋ ስለሆነ እሱስ በፍስክም አይደርስብኝ፣ የፈተነኝ የፓርሚጃኖ አይባቸው ሽታ ነው። ወጥ ሠሪዋን ቅቤም አይብም እንዳታደርጊብኝ ብላት የሐኪም ትእዛዝ መስሏት አዘነችልኝ፤ ሦስቱንም ቀን ፓስታ በቲማቲም በላሁ።

መምህራችን ጡረታ የወጡ ባሪቶን ናቸው። ባሪቶን ከወፍራሙ ቤዝና ከቀጭኑ ቴኖር መሀል ያለ የወንድ ድምፅ ነው፤ በኦፔራ ቴኖሩ ያፈቅራል፣ ሶፕራኖዋ ትፈቀራለች፣ ባሪቶኑ ያበላሻል። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ መድረክ ላይ ሲያሳስሩና ሲያስገድሉ ኖረው፣ ዝንብ እንኳ በመስኮት የሚሸኙ ሽማግሌ ናቸው። ዓርብ ማታ ከራት በኋላ ሰላምታም መግቢያም ሳይሉ ፒያኖው ላይ ሦስት ኅብረ ድምፅ መቱ፦ ሲ ቤሞል፣ ላ ቤሞል፣ ሚ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሰውዬው ገና አልመጣም» አሉ መምህሩ፤ «እናንተ ግን ፈርታችኋል።»

ሰውዬው ስካርፒያ ነው፤ በ1900 ሮም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው በፑቺኒ «ቶስካ» ውስጥ ያለው የፖሊስ አዛዥ። ኦፔራው የሚከፈተው በነዚያ ሦስት ድምፆች ነው። አንድ በአንድ ለየብቻቸው አሰሙን፤ እያንዳንዳቸው የዋህ ናቸው፣ የልጆች መዝሙር ቢታጀብባቸው አይከፋም። የሚያስፈራው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ገቢር መጨረሻ አዳመጥን። ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደወል ይደወላል፣ መድፍ ይተኮሳል፣ ሕዝቡ ምስጋና ይዘምራል። ስካርፒያ መሀላቸው ቆሞ አንዱን እንዴት እንደሚሰቅል፣ የዚያኑ ሰው ፍቅረኛ ቶስካን እንዴት እጁ እንደሚያስገባ ያሰላል፤ መጨረሻ ላይ አብሯቸው ይዘምራል። እንዲህ ያለ ነጠላውን አጣፍቶ የሚቆም ስንቱን አየን!

ስካርፒያ ቶስካን በቅናት ለማሳበድ የሌላ ሴት ማራገቢያ ያሳያታል። ለራሱም፣ ኢያጎ መሐረብ ነበረው፣ እኔ ማራገቢያ አለኝ ይላል። አንዱ ክፉ የሌላውን ክፉ ታሪክ አጥንቷል ማለት ነው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ልተኛ ስወጣ ግን መሐረብ የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ነበረች፤ እናቴ የምትዘክራት። ማለዳ ጉሙ ውስጥ ብቻዬን ጥቂት ቆሜ ገባሁ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የክፉዎችን ስም ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ይጨምራል። አንዲት ጡረተኛ የመድኃኒት ባለሙያ «አሞናስሮ» አለች።

አሞናስሮን ታውቂዋለሽ? የኛ ሰው ነው እኮ! በቨርዲ ኦፔራ በ«አይዳ» ውስጥ የአይዳ አባት፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ። በሰፈራችን ስንት አይዳ ነበረች፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቀን እናውቃለን? እስከዚያ ሰዓት ኋላ ወንበር ላይ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩ ሴት እጄን አወጣሁ። ሠራዊቱ አልቆ፣ ራሱ ተማርኮ፣ ልጁን የባዕድ ባሪያ ሆና ያገኘ አባት በምን ሒሳብ ከስካርፒያ ጎን ይጻፋል አልኳቸው። ኦፔራውን ያዘዘው የግብጹ ገዥ ከዲቭ ኢስማዒል እንደሆነ፣ ለቨርዲ 150,000 ፍራንክ እንደከፈለ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ እንደታየ ከሲኞራ መጽሐፎች አንብቤ ነበር። የቀረውን ግን ከታሪክ አስተማሪያችን ነው የያዝኩት። መድረክ ላይ ኢትዮጵያውያንን እጃቸውን አሳስሮ ያሰለፈው ያው ኢስማዒል፣ አራት ዓመት ሳይሞላ እውነተኛ ጦር ልኮ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድባቅ ተመታ። «የድል ሰልፉ ሙዚቃ ግሩም ነው፤ ሰልፉ ብቻ አልሆነለትም» ስል አጨበጨቡልኝ። ሲኞራ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

የመድኃኒት ባለሙያዋ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። ሦስተኛውን ገቢር እንድናዳምጥ ጠየቀች። ዓባይ ዳር ነው፣ ሌሊት ነው፤ አሞናስሮ ልጁን፣ የወደድሽው አዛዥ ጦሩን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ አውጣጥተሽ አምጪልኝ ይላታል። እምቢ ስትለው የሞተች እናቷን ያስነሣባታል። ያቻት፣ ከጨለማው ወጣች፣ እጇን አነሣችብሽ፣ ረገመችሽ ይላታል። ቀጥሎም ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ። አይዳ እዚያ ላይ ትሰበራለች። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ፣ የሙት እናትን መሣሪያ ማድረግስ እንዴት ነው ብላ አየችኝ። መልስ አልነበረኝም። መምህሩ ስሙን ሳያጠፉት አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረጉበት፤ እንዲሁ እንዳለ ሰነበተ።

ከሰዓት ቡሴቶ ገባን። በቨርዲ ስም የተሠራች ቴአትር ቤት አለቻቸው፤ 300 ሰው ያህል የምትይዝ፣ የጌጥ ሣጥን የመሰለች። በ1868 ስትመረቅ የሱን «ሪጎሌቶ» አሳዩ፤ እሱ ግን አልመጣም። መኖሪያው ቅርብ ሆኖ ሳለ እስኪሞት ድረስ እግሩን አላስገባባትም። ለከንቱ የባከነ ገንዘብ ነው ይል ነበር፤ ሥሩ ግን የቆየ ቂም ነው። በ1849 ጁሴፒና ስትሬፖኒ ከምትባለው ዘፋኝ ጋር እዚህ ሲመጣ አልተጋቡም ነበር፤ እስከ 1859ም አልተጋቡ። የቡሴቶ ሰው በመጋረጃ ቀዳዳ እያየ ያማቸው ነበር፤ እሷንማ የሰው ፊት ገረፋት። ቨርዲ ላሳደገውና ላስተማረው ለቀድሞ አማቱ ለባሬዚ ሳይቀር የቤቴን ነገር ለማንም አልናገርም የሚል መራራ ደብዳቤ ጽፏል። አስጎብኚው ለሱ ተብሎ የተያዘውን፣ እሱ ግን ያልተቀመጠበትን ቦታ በጣቱ አሳየን። እኔም ያንን ባዶ ቀይ ወንበር ሳይ፣ ኩርፊያ በኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር አልኩ በልቤ።

ማታ ኢያጎ መጣ። ቨርዲ ከ«አይዳ» በኋላ አዲስ ኦፔራ ሳያሳይ ከ15 ዓመት በላይ ዝም ብሎ፣ በ1887፣ በ73 ዓመቱ «ኦቴሎ»ን ይዞ ሚላን ላ ስካላ ወጣ። ሥራውን ሲጀምሩት ስሙን «ኢያጎ» ሊሉት አስበው ነበር። ግጥሙን የጻፈው ቦይቶ ሼክስፒር ያልጻፈውን አንድ የእምነት ቃል ለኢያጎ ሰጥቶታል፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ገልብጠሽ አስቢው። ጨካኝ በሆነ አምላክ አምናለሁ ብሎ ጀምሮ፣ ከሞት ወዲያ ምንም የለም ብሎ ይጨርሳል። ነጎድጓድ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውም እሱን ነው።

መምህራችን ግን «ይህን የሰማችሁት እናንተ ናችሁ፤ ኦቴሎ አልሰማም» አሉ። ኢያጎን ሰው የመሰለ ሰይጣን አድርጎ መጫወት ትልቁ ስሕተት ነው ብሎ ቦይቶ ራሱ አስጠንቅቋል። ቨርዲም በሐሳቡ የሳለው ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ከንፈረ ስስ፣ ምንም ነገር ግድ የማይሰጠው የሚመስል ሰው ነበር። ይህን ተናግረው ከፒያኖው ተነሡ፤ ወንበር ጎትተው ኋላ መጥተው እኔ አጠገብ ተቀመጡ፤ ዳር ላይ ስለነበርኩ ይሆናል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ የኦቴሎ መኮንን ካስዮ ተኝቶ በሕልሙ ተናገረ የሚባለውን ኢያጎ ለኦቴሎ የሚተርክበትን ቦታ ዘፈኑ። መዝፈንም አይባል፤ እስትንፋስ ነበር። የወይናቸው ሽታ ይሰማኛል፣ ሁለት ጣታቸው ክንዴ ላይ አርፏል፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ አንዱ ተፈትቷል። ጣልያንኛው ግማሹ አልገባኝም፤ ግን አመንኳቸው። ሲጨርሱ ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ «በሙሉ ድምፅ ቢዘፈን ማንም አያምነውም» አሉ።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው አንዲት ትንሽ ቦታ አሳዩን። ኢያጎ ካስዮና የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና ሲነጋገሩ ያያል። ኦቴሎ ሲጠጋ እንዳላየው ሆኖ «ይህስ ያሳዝነኛል» ይላል ለራሱ። ኦቴሎ «ምን አልክ?» ሲለው «ምንም... እዚህ ነበሩ እንዴ? እንዲያው ካፌ አምልጦኝ ነው።»

እህቴ፣ ይህን እኔ በአማርኛ ሰምቼዋለሁ።

አራት ዓመት ሆነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰች አንዲት የምናውቃት ሰው ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አገኘችኝ። የእናቴን ነገር አነሣን። «አይ፣ ያሳዝናል» አለች። ምኑ ነው ያሳዘነሽ? «ምንም፣ ተዪው፣ ካፌ አመለጠኝ።» ይዤ አስጨነቅኋት። ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ የእናቴ መቃብር ነው። አፈሩ ተቆልሏል፣ የእንጨት መስቀል ተተክሏል፣ የደረቀ አበባ አለበት፣ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ይታያል። ሐውልት የለም። ለሐውልቱ 35,000 ብር የላክሁት ለአንቺ ነበር። ሴትዮዋ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዜር ያጽናሽ» ብላኝ ሄደች።

ፎቶው መቼ እንደተነሣ እንኳ አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠየቅሁሽም። ቤት ገብቼ የእናቴን አጥንት አስነሣሁብሽ፤ እንደ አሞናስሮ። እናቴ ራሷ «ልጄ፣ ያን ሰው እንዳታናግሪ» ያለችኝ መሰለኝ። እሷ እኮ «ስኒ ጨምሩ» እንጂ ሌላ ቃል ስለ አንቺ አውጥታ አታውቅም።

ሴትዮዋን ኢያጎ ናት አልልም። ምናልባት ያየችውን ነው ያሳየችኝ፤ ምናልባትም ከልቧ አዝናልኝ ነው። የዚያን ምሽት ስለ ኢያጎ ብልሃት ሁሉም ሲደነቅ ሲኞራ ተቆጡ። አርባ ዓመት ያስተማሩበት ድምፅ ወጣ። «መሐረቡን ተዉት! ይህ ጄኔራል ሚስቱን የጠየቃት ከፈረደባት በኋላ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ቢሆን ጥግ አቆመው ነበር» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ራት ሳልበላ ወጣሁ፤ መቼም ያው ፓስታ ነው።

እሑድ በግማሽ ልቤ ነበርኩ። የሌሊቷን ንግሥት አነሡ፤ ሞዛርት በሞተበት በ1791 ለሚስቱ እህት ድምፅ ብሎ የጻፋትን፣ ቁጣዋ ሰው የማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚወጣውን። የሮሲኒው ዶን ባዚልዮም ቀረበ፤ ሐሜት እንደ ቀስታ ነፋስ ተነሥታ እንደ መድፍ እንደምትፈነዳ የሚዘፍነው። ጥሩ ዘፈን ነው፣ ያስቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረታችንን ብተረጉምላቸው ወደዱት፤ አንዱ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ ግን የማስበው አንቺን ነበር፤ አራት ዓመት ስለምን እንደተኮረፍሽ ሳታውቂ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» ስትዪኝ።

እንግዲህ እውነቱን አግኝቼ አይደለም የምጽፍልሽ። ዛሬም አላውቅም። ያን ጊዜ መጠየቅ የነበረብኝን ነው የምጠይቅሽ፦ ሐውልቱ ምን ሆነ? ቆሞ ከሆነ ንገሪኝ። ጠራቢው አታልሎሽ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ከልክሎሽ ከሆነ ንገሪኝ። ያ የወረርሽኙ ዓመት ነው፣ ባለቤትሽም ሥራ የፈታበት ነበር፤ ገንዘቡን ቸግሮሽ አጥፍተሽውም ከሆነ ንገሪኝ። መቼስ ከኔ ዝምታ አይከፋም።

ለፋሲካ ፈቃድ አገኛለሁ፤ የሲኞራ ልጅ እቆያለሁ ብሏል። ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርኩትም። ደውዪልኝ፤ ከፈለግሽ ስደቢኝ። ብቻ በዚያ በወፍራም ድምፅሽ፣ ጮክ ብለሽ።

ያንቺው፣
ጢሟ የቀለጠባት ኦቴሎ

ይድረስ በኅዳግ፦ ይህን ስጽፍ ሲኞራ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለኢያጎ አልኳቸው። ጥቂት አስበው፣ «መልስ ከጻፈ ለኔም አንብቢልኝ» አሉ።